የሚረጋው፣ ፈሳሹ ወይስ የኑጉ? ለቤታችን የሚሆነውን ዘይት ስንመርጥ

ሱቅ በር ላይ ቆመን ዘይት ስናማርጥ ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ዋጋው ስንት ነው? ይረጋል ወይስ አይረጋም? ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ግን ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን አንዴ ቤት ከገባ ወሩን ሙሉ የምንበላው እሱን ነው። ቁሌቱ በእሱ ይቁላላል፣ ሽሮው በእሱ ይሠራል፣ የልጆቹ እንቁላል በእሱ ይጠበሳል። ስለዚህ ከሁለት ጥያቄ በላይ ይገባዋል።

እኛ ጋ ደግሞ ነገሩን የሚያከብደው ጾም አለ። ረቡዕና ዓርቡ፣ ዐቢይ ጾሙ፣ ነቢያቱ፣ ሐዋርያቱ፣ ፍልሰታው ሲደመር ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ቅቤ የማይነካ ቤት ብዙ ነው። በእነዚያ ቀናት ከገበታው የምናገኘው ቅባት ከሞላ ጎደል ከዘይት ነው። ዘይት ለእኛ የማብሰያ ረዳት ብቻ አይደለም። ራሱ ምግብ ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። አቅም ከፈቀደ ለዕለት ወጥ ፈሳሽ ዘይት ይሻላል። በብዙ ዘይት ለሚጠበስ ነገር የሚረጋው ሙቀቱን የተሻለ ይችላል። የኑግና የተልባን ነገር ደግሞ ቸል ብለነዋል፣ ባንለው ደስ ይለኛል። አቅም ካልፈቀደም የሚረጋውን በልክ መጠቀም ይቻላል፤ መርዝ አይደለም። ምክንያቶቼን በየተራ ላስረዳ።

የጀሪካኑ ሒሳብ

አምስት ሰው ያለበት ቤት በወር አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ይጨርሳል እንበል። አንድ ሊትር ዘይት 920 ግራም ገደማ ይመዝናል። ጀሪካኑ 4,600 ግራም ነው ማለት ነው። ለአምስት ሰው፣ ለ30 ቀን ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 31 ግራም ይደርሰዋል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ከትንሽ ጭማሪ ጋር መሆኑ ነው። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ስላለው በቀን ወደ 280 ካሎሪ ይሆናል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይህ 14 በመቶ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ሳቹሬትድ ፋት የሚባለው፣ በቅቤና በሚረጋ ዘይት ውስጥ የሚበዛው ቅባት ከቀን ካሎሪያችን ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። ለ2,000 ካሎሪ ይህ 22 ግራም ያህል ነው። ጀሪካኑ ፓልም፣ ማለትም የሚረጋው ዘይት፣ ከሆነ ከቅባቱ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሳቹሬትድ ነው። ስለዚህ ከዘይቱ ብቻ እስከ 15 ግራም ይገባል። የሱፍ ዘይት ቢሆን 3 ግራም ተኩል ገደማ ነው። የአኩሪ አተር ቢሆን 5 ግራም አይሞላም።

በፓልሙ ላይ በፍስክ ቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጨምሩበት። ቅቤው ብቻውን ከ8 ግራም በላይ ሳቹሬትድ ቅባት አለው። 22ቱ አለቀ። ሥጋውና ወተቱ ገና አልተቆጠሩም። በፈሳሽ ዘይት የሚበላ ሰው ግን ያቺን የቅቤ ማንኪያ በልቶም ገና ቦታ አለው። ለእኔ ምርጫውን የሚወስነው ይህ ሒሳብ ነው። ቅቤውን የሚወድ ሰው ዘይቱን ፈሳሽ ቢያደርግ ይጠቀማል።

የሚረጋው

ብዙ ሰው የሚረጋ ዘይት የሚፈራው «ጀሪካን ውስጥ የረጋ ደም ሥር ውስጥም ይረጋል» ብሎ ነው። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ሰውነታችን ውስጥ ያለው ሙቀት 37 ዲግሪ ነው። ዘይቱም እንደተዋጠ ደም ሥር ውስጥ አይገባም፤ መጀመሪያ አንጀት ውስጥ ይፈጫል። አዲስ አበባ ላይ የሚረጋው ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ነው፤ ያው ዘይት ድሬዳዋ ላይ ፈሳሽ ሆኖ ሊውል ይችላል። ጉዳቱ በሌላ መንገድ ነው የሚመጣው። ሳቹሬትድ ቅባት ሲበዛ ጉበት መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤሉን፣ ከደም የማንሳት አቅሙ ይደክማል። ኮሌስትሮሉ ደም ውስጥ ይከማቻል። ዓመታት ሲቆጠሩ ልብን ይጎዳል።

ለፓልም ፍትሐዊ ልሁን። ርካሽ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአንድ ሄክታር የፓልም እርሻ በዓመት 3 ቶንና ከዚያ በላይ ዘይት ይገኛል። ከአንድ ሄክታር አኩሪ አተር የሚገኘው ግማሽ ቶን ገደማ ነው። ሙቀትም ይችላል። እንደ ድሮው ማርጋሪን በፋብሪካ ሃይድሮጅን ስለተጨመረበት የረጋ አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው። ስለዚህ ትራንስ ፋት የሚባለው፣ ከሁሉም የከፋው ቅባት፣ በተለምዶ የእሱ ችግር አይደለም። ዳቦ ቤትና ኬክ ቤት የሚጠቀሙበት ጠጣር የአትክልት ቅባት ላይ ነው ለትራንስ ፋት መጠንቀቅ ያለብን።

አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ናይጄሪያና ጋና ውስጥ ያው የፓልም ፍሬ የሚሰጠው ዘይት ቀይ ነው። የሚያቀላው ካሮትን ብርቱካንማ የሚያደርገው ቤታ ካሮቲን ነው፤ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። ለእኛ የሚመጣው ተጣርቶ፣ ቀለሙ ወጥቶ ነው። ቀለሙ ሲሄድ ያ ጥቅምም አብሮ ይሄዳል። ፍሬው አንድ ሆኖ ለሌጎስ ልጅ የሚሰጠውን ለአዲስ አበባ ልጅ አይሰጥም።

ፈሳሾቹ

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ገበያ ላይ «የሱፍ ዘይት» የምንለው ጀሪካኑ ላይ ትልቅ ቢጫ አበባ የተሳለበትን፣ ፈረንጆቹ ሰንፍላወር የሚሉትን ነው። በጾም ሱፍ ፍትፍት የምንሠራበት የሀገራችን ሱፍ ሌላ ተክል ነው፤ እሾሃሙ ሳፍላወር። ሁለቱም ጥሩ ዘይት አላቸው፣ ግን አንድ አይደሉም።

የሱፍ ዘይት ሳቹሬትድ ቅባቱ 11 በመቶ ገደማ ነው። በቫይታሚን ኢ ደግሞ ሀብታም ነው። በቀን 31 ግራም የሚወስድ ሰው ለቀኑ ከሚያስፈልገው ቫይታሚን ኢ አብዛኛውን ከእሱ ያገኛል። ድክመቱ ኦሜጋ-3 የሚባለው፣ ዓሣ ውስጥ የሚገኘው ጠቃሚ ቅባት የለውም ማለት ይቻላል።

የአኩሪ አተር ዘይት ሳቹሬትድ ቅባቱ 15 በመቶ ነው። ከሱፉ ትንሽ ከፍ ይላል። ግን 7 በመቶ ያህል ኦሜጋ-3 አለው። ዓሣ እምብዛም ለማይበላ ሰው፣ በተለይ በጾም ዓሣ ለማይነካ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለቱ በተመሳሳይ ዋጋ ከቀረቡልኝ አኩሪ አተሩን አነሳለሁ። ሱፉ ከረከሰ ሱፉን እወስድና ኦሜጋ-3ውን ከተልባ አመጣለሁ።

የበቆሎ ዘይትም አለ። ለሱፉ ይቀርባል፤ ብዙ የሚያማርጥ ነገር የለውም።

የኛዎቹ

ኑግ የእኛ ነው። ሰው ያለመደው እዚሁ ኢትዮጵያ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ እንኳ «አቢሲኒካ» የሚል አለበት። ከዘይቱ 70 በመቶ የሚሆነው ሊኖሌይክ የሚባለው፣ ሰውነታችን ራሱ የማይሠራው ቅባት ነው። ሳቹሬትድ ቅባቱ ጥቂት ነው። ሽታውን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሌላ ዘይት አይተካለትም። የጾም ምስር ወጥ በኑግ ዘይት ሲሠራ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ያውቃል።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አብዛኛው የኑግ ዘይት ከትንንሽ መጭመቂያ ቤት ሳይጣራ ይመጣል። ሳይጣራ የተሸጠ ዘይት ቶሎ ይበላሻል። የሻገተ ኑግ ተጨምቆ ከሆነ ደግሞ ለጤና ጥሩ አይደለም። አንዳንዱ ነጋዴ ፓልም ይቀላቅልበታል። ለዚህች ቀላል ዘዴ አለች። በትንሽ ብርጭቆ ቀድታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ንጹሕ ኑግ ፈሳሽ ሆኖ ያድራል። ከሥሩ ነጭ ነገር ከረጋ የሚረጋ ዘይት ገብቶበት ይሆናል። ከሌላ ፈሳሽ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ከሆነ ግን ይህ ዘዴ አያሳይም። ስለዚህ ከሚያምኑት ሰው መግዛትን የሚያክል የለም። ከመግዛታችሁ በፊት አሽትቱ። የቆየ ለውዝ ወይም የቀለም ሽታ ካለው ተዉት። በትንሽ በትንሹ ግዙ፣ በአንድ ወር ውስጥ ጨርሱት።

የሰሊጥ ዘይት ሚዛናዊ ነው፤ ሳቹሬትዱ 15 በመቶ ገደማ ሆኖ የቀረውን ኦሌይክና ሊኖሌይክ የሚባሉት ሁለት ጥሩ ቅባቶች ከሞላ ጎደል እኩል ይካፈሉታል። በተፈጥሮው መበላሸትን የሚከላከል ነገር ስላለው ከኑግ ይልቅ ይቆያል። ግን ውድ ነው። የሑመራና የመተማ ሰሊጥ አብዛኛው ወደ ውጭ ይሄዳል። ቻይና ትገዛዋለች፣ እስራኤል ውስጥ ጣሂና ይሠራበታል። የእኛን ሰሊጥ ሌላው ይበላል፣ እኛ ፓልም እናስገባለን። ይህን ስጽፍ ቅር ይለኛል። ብቸኞቹ ግን እኛ አይደለንም። ቱኒዝያ ምርጥ የወይራ ዘይቷን ለአውሮፓ ሸጣ ለሕዝቧ በድጎማ የአኩሪ አተር ዘይት ታስገባለች።

ተልባ የማብሰያ ዘይት አይደለም። እሳት አይወድም። ግን ከቅባቱ ከግማሽ በላይ ኦሜጋ-3 ነው። ከፍሬዎች መካከል ይህን የሚያክለው ጥቂት ነው። ዘይቱን መፈለግም አያስፈልግም። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ እንደለመድነው ይጠጣ፤ ወይም ፍትፍት ይሁን። የሱፍ ዘይት የሚጠቀም የጾመኛ ቤት ጎዶሎውን የሚሞላው በዚህ ነው። አያቶቻችን ኦሜጋ የሚባል ቃል ሳይሰሙ የጾሙን ገበታ በተልባና በሱፍ ሞልተውት ነበር።

ጀሪካኑ ላይ ምን እናንብብ

«ኮሌስትሮል የለውም» የሚለውን እለፉት። የትኛውም የእፅዋት ዘይት ኮሌስትሮል የለውም። ፓልሙም የለውም። ምንም አይነግራችሁም።

«የአትክልት ዘይት» ብቻ የሚል ከሆነ አዙሩና ከምን እንደተሠራ ፈልጉ። ፓልም፣ አኩሪ አተር፣ ሱፍ የሚል ስም ከሌለ አትቸኩሉ። «በኢትዮጵያ የተመረተ» የሚለውም ፍሬው እዚህ በቀለ ማለት ላይሆን ይችላል። ድፍድፍ ዘይት ከውጭ አስገብቶ እዚህ አጣርቶ የሚያሽግ ፋብሪካ አለ።

የምትፈልጉት ቫይታሚን ኤ እና ዲ የሚለውን ነው። ዘይት በእነዚህ እንዲበለጽግ ሀገራችን ደረጃ አውጥታለች። እነዚህ ቫይታሚኖች ብርሃን ይጠላሉ። ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የዋለ ብርጭቆ መሰል ጠርሙስ ቫይታሚኑ ብዙውን ሊያጣ ይችላል። ከሱቁ ውስጠኛ መደርደሪያ ላይ ያለውን ጠይቁ። ቤትም ስታስገቡት ከመስኮትና ከምድጃ አርቃችሁ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አድርጉት።

ውጭ ሀገር ላላችሁ

አሜሪካ ውስጥ «ቬጂተብል ኦይል» ብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ አኩሪ አተር ነው፤ ለወጥ በቂ ነው። ካኖላ ደግሞ ከሁሉም ዝቅ ያለ፣ 7 በመቶ ገደማ ሳቹሬትድ ቅባት ያለው ነው። ኦሜጋ-3ውም 9 በመቶ ያህል ነው። አውሮፓ ያላችሁም ይኸው የጎመን ዘር ዘይት በርካሽ ታገኙታላችሁ። ሽታ ስለሌለው ቁሌቱን አያበላሽም። የወይራ ዘይት ለሰላጣና ለፉል ግሩም ነው። ለወጥ ግን ጣዕሙ ከበርበሬ ጋር አይስማማልኝም። ገልፍ ሀገር ያላችሁ «ጊ» የሚል ቆርቆሮ ስትገዙ የቅቤ ይሁን የአትክልት አንብቡ። ሃይድሮጅን የተጨመረበት ከሆነ መልሱት።

በብዙ ዘይት ስንጠብስ

ለረመዳን ሳምቡሳ፣ ለብስኩት፣ ለፓስቲና ለድንች ጥብስ ነገሩ ይገለበጣል። የሱፍና የኑግ ዘይት ለጤና ጥሩ የሚያደርጋቸው ያው ቅባት በረጅም እሳት ቶሎ ይበላሻል። ፓልም እዚህ ይጠነክራል። «ሃይ ኦሌይክ» የሚል የሱፍ ዘይት ካገኛችሁ እሱም ሙቀት ይችላል፣ ሳቹሬትዱም ትንሽ ነው። ከሁለቱም ይሻላል።

የተጠበሰበትን ዘይት አጥልላችሁ አንዴ ሁለቴ ብትጠቀሙበት ችግር የለውም። ከጠቆረ፣ አረፋ ከያዘ፣ እንደ ማር ከተሳበ ወይም እሳት ላይ ሳይቆይ ከጨሰ ግን ይደፋ። በአሮጌው ላይ አዲስ መጨመር አያድነውም፤ አዲሱንም ቶሎ ያበላሸዋል።

ዋጋው ለምን አያርፍም

ለዓመታት በሸማቾች ማኅበራት በኩል በድጎማ ሲከፋፈል የነበረው የሚረጋው ዘይት ነው። ከዓለም የፓልም ዘይት 85 በመቶ ያህሉን የሚያመርቱት ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ናቸው። ከሱፍ ዘይት ንግድ ትልቁን ድርሻ የያዙት ዩክሬንና ሩሲያ ናቸው። የአኩሪ አተሩን ብራዚል፣ አርጀንቲና፣ አሜሪካና ቻይና ይመሩታል። ዓለም ለምግብ ከሚጠቀምበት የእፅዋት ዘይት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፓልምና አኩሪ አተር ነው። ጥቂት ሀገር ሲያስነጥስ የእኛ ሰፈር ሱቅ ጉንፋን ይይዘዋል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ይህ ታየ። በፌብሩዋሪ መጨረሻ የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ተነሥቶ የዩክሬን የጥቁር ባሕር ወደቦች ተዘጉ። ጀርመን ውስጥ ሳይቀር የሱፍ ዘይት ከመደርደሪያ ጠፋ። ሰው ወደ ፓልም ዞረ። ኢንዶኔዥያ ደግሞ የራሷ ሕዝብ ዘይት ሲወደድበት ከኤፕሪል 28 እስከ ሜይ 23 የፓልም ዘይት ወደ ውጭ መላክ ከለከለች። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይወደዳል። አንዱ የሌላው ምትክ ስለሆነ ሁሉም አብረው ይወጣሉ። ስለዚህ «የሱፉ ተወዷል፣ ወደሚረጋው ልሂድ» ሲባል የሚረጋውም ተከትሎ ይወደዳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያዋጣው ዓይነት መቀየር ሳይሆን መጠን መቀነስ ነው። ከጀሪካኑ በቀጥታ ማፍሰስ ትቶ በማንኪያ መስፈር ብቻውን ብዙ ያድናል። ቁሌቱ መጀመሪያ በደረቁ፣ ጠብ ጠብ እያለ በውኃ ከበሰለ በኋላ ዘይቱ ቢገባ ግማሹ ይበቃል።

ለማን ይቀነስ፣ ለማን ይጨመር

ግን «ዘይት ቀንሱ» ለሁሉም የሚባል ምክር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት አሃዞችን ስናይ ይህ ይገባናል። እ.ኤ.አ. ከ1967–69 ለአንድ ቻይናዊ በቀን የሚደርሰው ቅባት፣ ከእንስሳውም ከዘይቱም ተደምሮ፣ 24 ግራም ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ 79 ግራም ደረሰ። የዓለም አማካይ ከ53 ወደ 73 ወጣ። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ በዚያው ጊዜ ከ41 ወደ 45 ብቻ ነው የሄደው። ሌላው ዓለም በቅባት ብዛት መታመም ሲጀምር የእኛ አካባቢ ገና በቅባት እጥረት ላይ ነበር።

ዛሬ ሁለቱም በአንድ ሀገር ውስጥ አሉ። ቢሮ ውሎ፣ ምሳውን ጥብስ በልቶ፣ ማታ ጨጓራውን የሚይዝ ጎልማሳ አለ። እሱ ይቀንስ። በቀጭን አጥሚት የምታድግ የአንድ ዓመት ሕፃንም አለች። ሆዷ ትንሽ ነው፤ ብዙ አጥሚት አይችልም። ለእሷ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት 40 ካሎሪ ገደማ ይጨምራል፣ ያለ ምንም የሆድ ክብደት። ከጎመኑና ከካሮቱ የሚገኘው ቫይታሚን ኤ ደግሞ ያለ ቅባት በደንብ አይገባም።

ዓይነቱ ለእሷ ሁለተኛ ነገር ነው። የአኩሪ አተሩ ካለ እሱ፣ ከሌለ የሚረጋውም ይሆናል። የበለጸገ ይሁን እንጂ። ገንፎው ወይም አጥሚቱ ከእሳት ሲወርድ አንዷን ማንኪያ ጠብ አድርጉበት፣ አማስሉት፣ ለብ ሲል ስጧት።